ሙቀቱ ወዴት ይሂድ?
ስለ ጌም ላፕቶፖች ግለት፣ ስለ ከፍታ ቦታ አየርና ስለ ጥቂት ቀላል ስሌቶች

ባለፈው የመመረቂያ ሰሞን አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ቤተ ሙከራችን መጣ። ኮምፒውተሩ በተለምዶ «ጌም ላፕቶፕ» የሚባለው፣ ወፈር ያለና የፊደል ገበታው በቀይ መብራት የሚያበራ ዓይነት ነበር። የተገዛው ግን ለጨዋታ እንዳልሆነ ባለቤቱ በእርግጠኝነት ነገረን፤ እኛም አመንነው። የሕንፃ ንድፎችን ወደ ሙሉ ምስል የሚለውጡት ፕሮግራሞች ብርቱ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለው ካርድ ደግሞ በቀላሉ የሚገኘው በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ነው። ገንዘቡን የላከችለት አረብ አገር በሥራ ላይ ያለች ታላቅ እኅቱ ናት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ንድፉ መሠራት በጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ ገደማ ማራገቢያው ያለቅሳል፣ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፣ ከዚያም ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል። የመጨረሻው ፕሮጀክት የሚቀርብበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አንድ የጥገና ቤት የሰጠው ፍርድ አጭር ነበር፦ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፤ ማዘርቦርዱ በሙሉ ይቀየር።» የተጠየቀው ዋጋ የማሽኑን ግማሽ ይጠጋል።

ፕሮሰሰሩ አልተቃጠለም ነበር። የተቃጠለ ፕሮሰሰር አሥር ደቂቃ ቀርቶ አንድ ሰከንድም አይሠራም። በተቃራኒው ይህ ፕሮሰሰር ራሱን ከመቃጠል እያዳነ ነበር። ይህን ለተማሪው ስናስረዳ የተጠቀምንበት ፊዚክስ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ትምህርት እምብዛም ስለማይርቅ፣ ለአንባቢዎቻችንም ብናካፍለው መልካም መስሎናል።

ሙቀትና መጠነ ሙቀት

በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ሙቀት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። በፊዚክስ ቋንቋ ሙቀት ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፍ ኃይል ሲሆን የሚለካውም በጁል ነው። መጠነ ሙቀት ደግሞ ቴርሞሜትር የሚያሳየን፣ በዲግሪ የሚነበበው ነው። የላፕቶፕ ችግር የሚገባን ሁለቱን ስንለያይ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ሙቀቱን እንመልከት። ፕሮሰሰር 45 ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ቢወስድ፣ ውሎ አድሮ 45 ዋት ሙቀት ያወጣል። ቤት የሚቀረጽ ይሁን ጌም የሚጫወት፣ በስሌቱ ውጤት ውስጥ ተከማችቶ የሚቀር ኃይል ይህ ነው የሚባል አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም ኮምፒውተር እግረ መንገዱን የሚያሰላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ምድጃው ግን እጅግ ትንሽ ነው። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኃይሉን ለስፋቱ ብናካፍል ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 1.3 ዋት ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። የ45 ዋቱ ፕሮሰሰር የሲሊኮን ቁራጭ ስፋት 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ22 ዋት በላይ ይደርሳል። ከምጣዱ 17 እጥፍ ማለት ነው። ሆኖም ምጣዱ 200 ዲግሪ አካባቢ ቢደርስ እንጀራው ይበስላል እንጂ ማንም አይጎዳም፤ ፕሮሰሰሩ ግን በአብዛኛው ከ95 ወይም ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ በአምራቹ ታስሯል። ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ላስታወሰ አንባቢ፣ ይህ ገደብ ራሱ ቀላል አይደለም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ፕሮሰሰር በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ስብስብ ነው። ትራንዚስተሮቹ በበሩና በጠፉ ቁጥር እጅግ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ይሞላሉ፣ ይራገፋሉ። ካፓሲተርን ለመሙላት የሚያስፈልገው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ እንደሚያድግ በመማሪያ መጽሐፍ ተምረናል። ይህ በሰከንድ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም፣ የሚባክነው ኃይል ከካፓሲታንሱ፣ ከቮልቴጁ ካሬና ከድግግሞሹ ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ይሆናል። አንባቢ «የቮልቴጁ ካሬ» የሚለውን እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ መፍትሔውን ስንፈልግ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሮበርት ዴናርድና የሥራ ባልደረቦቹ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁንም አብሮ መቀነስ እንደሚቻል፣ በዚህም ምክንያት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚወጣው ሙቀት ሳይጨምር ፍጥነት ሊያድግ እንደሚችል አሳዩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ዓለም በዚህ ሕግ ተጠቀመች። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ቮልቴጁ ከ1 ቮልት አካባቢ ብዙም ዝቅ ሊል አልቻለም፤ ከዚያ በታች ሲወርድ «ጠፍቷል» የተባለው ትራንዚስተር ሳይቀር ኤሌክትሪክ ያፈሳል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ቴጃስ የተባለውን ቀጣይ ፕሮሰሰሩን ሰርዞ ፊቱን ብዙ እምብርት ወዳላቸው ፕሮሰሰሮች ያዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሙቀት ነበር።

የዘመናችን ፕሮሰሰሮች ሲግሉ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለ ጥበቃ ሁልጊዜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር በተባለው የኮምፒውተር መጽሔት ባለሙያዎች፣ እየሠሩ ካሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ነቅለው ውጤቱን በፊልም ቀርጸው አሳይተዋል። አንድ አትሎን ፕሮሰሰር ከ300 ዲግሪ በላይ ግሎ እየጨሰ ሞተ፤ ፔንቲየም 4 ግን ተንቀርፍፎ ሥራውን ቀጠለ። የተማሪያችን ማሽን መንቀርፈፉም የዚያው ጥበቃ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ድርግም ማለቱ ሁለተኛው።

ከቺፑ እስከ አየሩ

ሙቀት ሲጓዝ ተቃውሞ ያጋጥመዋል። ነገሩ ከኦም ሕግ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በቮልቴጅ ፋንታ የመጠነ ሙቀት ልዩነት፣ በኤሌክትሪክ ፍሰት ፋንታ የሙቀት ፍሰት እንተካለን። ክፍሉ 22 ዲግሪ፣ ቺፑ 90 ዲግሪ፣ የሚወጣው ሙቀት 45 ዋት ቢሆን፣ የጠቅላላው መንገድ ተቃውሞ 68 ሲካፈል ለ45፣ ማለትም 1.5 ዲግሪ በዋት ገደማ ነው። እንግዲህ የቺፑን መጠነ ሙቀት ለማውረድ ያለን ምርጫ ሦስት ብቻ ነው፤ ዋቱን መቀነስ፣ ተቃውሞውን መቀነስ፣ ወይም ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ መቀመጥ።

የመንገዱ መጀመሪያ ቺፑና መዳቡ የሚገናኙበት ገጽ ነው። ሁለቱም ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ተራራና ሸለቆ ናቸው፤ ሸለቆዎቹን ደግሞ አየር ይሞላቸዋል። አየር ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ደካማ ነው፤ አስተላላፊነቱ 0.026 ሲሆን የመዳብ 400 ያህል ነው። በ2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 50 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው የአየር ንጣፍ ብቻውን ቢኖር፣ 45 ዋት ለማሳለፍ ከ400 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይጠይቅ ነበር። በእርግጥ ብረቶቹ እዚህም እዚያም ስለሚነካኩ ነገሩ እንዲህ አይከፋም። ቢሆንም በዚያው ቦታ አስተላላፊነቱ 5 የሆነ ቴርማል ፔስት ሲገባ ልዩነቱ ወደ 2 ዲግሪ ይወርዳል። ፔስቱ «ለደኅንነት» ተብሎ በግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ከተለቀለቀ ግን ልዩነቱ ወደ 22 ዲግሪ ይወጣል። ፔስት ቅቤ አይደለም፤ አይትረፈረፍም። በጥርስ ሳሙና የሚተኩትንም አይተናል፤ ውሃው እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት ይሠራል፣ ከዚያ የቀረው አፈር ነው።

ቀጥሎ ያለው ክፍል እኛን ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ነው። ሙቀቱ ከቺፑ ተነሥቶ ከማራገቢያው አጠገብ ወዳሉት ስስ የብረት ቅጠሎች መድረስ አለበት፤ ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ድፍን የመዳብ ዘንግ እንላከው ብንል፣ 45 ዋት ለማሳለፍ በዘንጉ ጫፎች መካከል ወደ 800 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቱቦው ባዶ ይደረግና አየሩ ወጥቶለት ጥቂት ውሃ ይገባበታል። የአረቄ አወጣጥን ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። በእሳቱ በኩል ፈሳሹ ይተናል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ በቀዝቃዛው በኩል ሙቀቱን ጥሎ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ልዩነቱ በላፕቶፑ ውስጥ ፈሳሹ አይቀዳም፤ በቱቦው ግድግዳ ላይ በተለበጠው ስፖንጅ መሰል መዳብ፣ ጋዝ በኩራዝ ክር ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ወደ ሞቃቱ ጫፍ ይመለሳል። አየሩ ስለወጣለት ውሃው ገና በ40 እና በ50 ዲግሪ ይተናል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 2400 ጁል ገደማ ስለሚሸከም፣ 45 ዋት ለማጓጓዝ በደቂቃ ከአንድ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ማመላለስ ይበቃል። ይህን ዓይነት ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1963 በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ጆርጅ ግሮቨር ሠርቶ ባሳየበት ጊዜ የታሰበው ለጠፈር መንኮራኩሮች ነበር።

በጌም ላፕቶፕ ውስጥ ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ብዙውን ጊዜ እነዚህን ቱቦዎች ይጋራሉ። አንዱ ሲግል ሌላውም ይግላል ማለት ነው፤ ይህም ጉዳይ ኋላ ይጠቅመናል።

የከፍታው ግብር

የመንገዱ ፍጻሜ አየር ነው፤ እዚህ ላይ የአገራችን ጂኦግራፊ ወደ ስሌቱ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2355 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የአየሯ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ግን ይለወጣል። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው።

ፕሮሰሰሩና ካርዱ በድምሩ 100 ዋት ያወጣሉ እንበል። በባሕር ወለል የሚያልፈው አየር በ25 ዲግሪ ብቻ ሞቆ እንዲወጣ በሰከንድ 3.3 ሊትር አየር መግፋት በቂ ነው። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት አዲስ አበባ ላይ ሲሠራ፣ አየሩ በ33 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ስምንት ዲግሪ የከፍታው ግብር ነው እንበለው። የሰርቨር ክፍል የሚያዘጋጁ መሐንዲሶች ይህን ያውቁታል፤ አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ለአንድ የሰርቨር ክፍል ደረጃ የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል መጠነ ሙቀት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ዝቅ እንዲል ያዝዛል። ላፕቶፕ ስንገዛ ግን ይህን የሚነግረን ሻጭ የለም።

ይሁን እንጂ ከፍታ የወሰደውን አየር ንብረቱ መልሶ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ክፍል 20 ዲግሪ ቢሆን የሚወጣው አየር 53 ዲግሪ ይሆናል። በድሬዳዋ፣ በ1200 ሜትር ከፍታ፣ ክፍሉ 32 ዲግሪ በሆነበት ቀን ያው ማሽን የሚያወጣው አየር ወደ 62 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ የአዲስ አበባው ተማሪ ከድሬዳዋው ይሻላል፤ የተሻለው ግን ቴርሞሜትሩ ላይ ብቻ አይቶ የሚገምተውን ያህል አይደለም።

ማራገቢያውን ማፍጠን አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን የሚገፋው አየር ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ የሚወስደው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። እጥፍ አየር ለማግኘት ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፣ ጩኸቱም በዚያው ልክ ነው።

ማሽኑን ስንከፍተው

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። የታችኛውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተን ባትሪውን ካለያየን በኋላ፣ በማራገቢያውና በብረት ቅጠሎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተዳወረ አቧራ አገኘን። ነቅለን ስናወጣው በአንድ ቁራጭ ወጣ። የከሰልና የዕጣን ጢስ ያለበት ቤት አቧራ ደረቅ ሆኖ አይቀርም፤ ቅባት ይዞ ይጣበቃል። ሦስት ዓመት በፍራሽ ላይ ያገለገለ ማሽን ከዚህ የተሻለ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የፍራሽ ጨርቅ ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍናልና።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉን። አንደኛው፣ አየር በሚነፋበት ጊዜ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በትንሽ እንጨት ይያዝ፤ ከልኩ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ ሞተሩም እንደ ጄነሬተር ሆኖ ወደ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊልክ ይችላል። ሁለተኛው፣ ላፕቶፕ ወደ ጎማ ቤት አይወሰድ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሲደረግ ግን አይተናል። የጎማ ቤት ኮምፕረሰር ከአየሩ ጋር የውሃና የዘይት ጠብታ ይተፋል። ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃሉ።

አሮጌው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ነበር። በአልኮል ጠርገን የሩዝ ፍሬ በምታክል አዲስ ፔስት ተካነው። ጋሊየም ያለበትን «ፈሳሽ ብረት» የሚመክሩ አሉ፤ አስተላላፊነቱ ከፔስት ብዙ እጥፍ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክንም ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል። አንዲት ጠብታ ከቦታዋ ብትንሸራተት የጥገና ቤቱ ፍርድ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። ለተማሪ አንመክረውም።

ከዚያ ወደ ቮልቴጁ ካሬ መጣን። ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.10 ብቻ ብናወርድ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ኃይሉ በ16 በመቶ ይቀንሳል፤ 45 ዋት የነበረው 38 ይሆናል። ባሰላነው ተቃውሞ መሠረት ይህ ብቻውን ከ10 ዲግሪ በላይ ነው። የሚያሳዝነው እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ቮልቴጅን በማውረድ የፕሮሰሰርን ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ፣ ብዙ አምራቾች ይህን በር ለተጠቃሚው ዘግተውታል። የተማሪያችን ማሽንም ከተዘጉት አንዱ ነበር።

የቀረው ድግግሞሹን መግታት ነው፤ ይህም ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል፤ ድግግሞሽ ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ራሱ ቮልቴጁን ያወርዳልና። ፍጥነቱ ከ4.2 ወደ 3.6 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁም ከ1.20 ወደ 1.05 ቢወርዱ፣ ፍጥነቱ በ14 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ በ34 በመቶ ይቀንሳል። በዊንዶውስ የኃይል አስተዳደር ውስጥ ከፍተኛውን የፕሮሰሰር ደረጃ ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ይህን ተጨማሪ ፍጥነት በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ለእውነተኛ ተጫዋቾች ደግሞ በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች በ60 መግታት እጅግ ጥሩ መላ ነው። ስክሪኑ የማያሳየውን ምስል ካርዱ ባይሠራ የሚጎዳ የለም፤ ካርዱ ሲቀዘቅዝ ቱቦ የሚጋራው ፕሮሰሰርም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ከላፕቶፕ ሥር የሚቀመጡት ባለ ማራገቢያ መደገፊያዎች ይሠራሉ ወይ ተብለን ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ጥቂት ዲግሪ ይቀንሱ ይሆናል፤ ከኋላ በኩል ሁለት ጣውላ አድርጎ ማሽኑን ሦስት ጣት ከፍ ማድረግ ግን አብዛኛውን ጥቅም በነጻ ይሰጣል። በሌላ በኩል፣ ጭነት ላይ ሆኖ 85 ዲግሪ ያሳየ ፕሮሰሰር አንባቢያችንን እንቅልፍ ሊነሣው አይገባም። ይልቅ ባትሪው ይታሰብበት። ሊቲየም ባትሪ በሙቀት በቶሎ ያረጃል፣ አንዳንዱም ያብጣል። የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ማሽኑ ወዲያው ይጥፋ፤ ባትሪው አይጫን፣ አይበሳ።

አዲስ ወይም ያገለገለ ማሽን ለሚገዙ አንድ ነገር እንጨምር። ሻጩ አንድ ጌም ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ «ይኸው አልጋለም» ቢል አይታመን። በማቀዝቀዣው ውስጥ 300 ግራም መዳብ ቢኖር፣ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ ብቻ 115 ጁል ያህል ይጠጣል፤ ከሚወጣው በላይ 50 ዋት ቢገባበት እንኳ 40 ዲግሪ ለመጨመር አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። የመጀመሪያው ደቂቃ የሚለካው መዳቡን ነው እንጂ ማራገቢያውን አይደለም። ሃያ ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም።

የተማሪያችን ማሽን ክዳኑ ተገጥሞ፣ 99 በመቶ ላይ ታስሮ፣ በሁለት ጣውላ ላይ ተቀምጦ ያንኑ የሕንፃ ንድፍ ጀመረ። በአሥረኛው ደቂቃ ሁላችንም ቁጥሩን እያየን ዝም አልን። 84 ዲግሪ ላይ ቆመ። ምስሉን ሠርቶ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀበት፤ ተማሪው ያን ሁሉ ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣም። ሲወጣ ላፕቶፑን መልሶ በጋቢው ሊጠቀልለው ሲል፣ ገና ትኩስ ነውና ጥቂት እንዲጠብቅ ነገርነው።